ከሃስኪ ውሾች ጋር በነጻ ለመሥራት ለምታስቡ፦ አራት መንገዶች ከደብረ ብርሃን ሲታዩ

ደብረ ብርሃን ኅዳር ሲገባ ሌሊት የሚወርደው ውርጭ ጠዋት ሣሩን ነጭ አድርጎት ይገኛል። በዚያ ብርድ ያደገ ሰው ሰሜን አውሮፓ ሄጄ ከበረዶ ውሾች ጋር እሠራለሁ ቢል ብርዱን ከቁም ነገር አይቆጥረውም። እኔም አልቆጠርኩትም ነበር። በፊንላንድ ሰሜናዊ ክፍል፣ ላፕላንድ ውስጥ ተማሪ ሆኜ በቆየሁበት ጊዜ አንድ ሙሉ የበረዶ ወቅት ሃስኪ በሚባሉት ጋሪ ጎታች የበረዶ ውሾች ዘንድ ሠርቻለሁ። ከተመለስኩ ወዲህ የእንስሳት ጤና የጨረሱ ልጆች እየመጡ ያማክሩኛል። ሰማያዊ ዓይን ያላቸውን ውሾች ቲክቶክ ላይ አይተው ነው የሚመጡት፣ ጥያቄያቸውም አንድ ነው፦ "እንዴት ልሂድ?"

"ምን ዓይነት ቦታ ልሂድ?" ብሎ የጠየቀኝ እስካሁን የለም። ልዩነቱ ግን እዚያ ላይ ነው። አንዱ ቦታ ስለ ውሻ ትማራላችሁ፣ ሌላው ቦታ ስለ አካፋ።

ስለዚህ አራት መንገዶችን ጎን ለጎን አስቀምጣለሁ፦ ለቱሪስት የሚሠራ የውሻ ማደሪያ፣ ለውድድር የሚያሠለጥን፣ አንድ ቤተሰብ የሚያስተዳድረው አነስተኛ ማደሪያ፣ እና አራተኛው እዚሁ አገር ቤት መቅረት። የድርጅት ስም አልጠራም። ጥሩ የተባለ ቤት ባለቤቱ ሲቀየር በአንድ ዓመት ሌላ ቤት ይሆናልና ስሙን ብታውቁት አይጠቅማችሁም፤ የሚጠቅማችሁ መመዘኛው ነው። ማደሪያውን እነሱ ኬንል፣ ሠራተኛውን ሃንድለር ይሉታል። ውሾቹ በረዶ ላይ የሚጎትቱትን፣ እነሱ ስሌድ የሚሉትን፣ እኔ የበረዶ ጋሪ እለዋለሁ፤ የጋሪ ከተማ ልጅ ነኝ።

በምን እንመዝን?

መጀመሪያ ወረቀቱ። ብዙ ሰው መጨረሻ ላይ ያስበዋል፣ መንገዱን የሚዘጋው ግን እሱ ነው። ብዙ የአውሮፓ አገሮች በጋራ የሚሰጡት የሼንገን የጉብኝት ቪዛ በ180 ቀን ውስጥ ከ90 ቀን በላይ አያስቆይም፣ የሥራ ፈቃድም አይደለም። "ደመወዝ አልቀበልም፣ ምግብና መኝታ ብቻ ነው" ማለት አያድንም። ቱሪስት አስከፍሎ የሚያተርፍ ድርጅት ውስጥ በምግብና በመኝታ ማገልገል በአብዛኞቹ አገሮች ሕግ ሥራ ነው። አሜሪካና ካናዳም በዚህ አይለዩም። "በቱሪስት ቪዛ ና፣ ማንም አይጠይቅህም" የሚል አስተናጋጅ ካጋጠማችሁ፣ ነገሩ ሲታወቅ ከአገር የሚባረረው እሱ እንዳልሆነ አስቡ።

ለእኛ ሰው በሕግ ሰፋ ብሎ ያገኘሁት በር የተማሪ ፈቃድ ነው። ፊንላንድ ለተማሪ በሳምንት በአማካይ 30 ሰዓት፣ ኖርዌይ 20 ሰዓት እንዲሠራ ትፈቅዳለች። እንዲህ ሲሆን ሥራው በጎ ፈቃድ መሆኑ ቀርቶ የሚከፈልበት ይሆናል፤ ማን ይጠላል? ነገር ግን ሁለቱም አገሮች ከአውሮፓ ውጭ ለሚመጣ ተማሪ ትምህርቱን ያስከፍላሉ፣ ፊንላንድ እ.ኤ.አ. ከ2017፣ ኖርዌይ ከ2023 ጀምሮ። ነጻ የትምህርት ዕድል ካልተገኘ ለውሻ ብሎ የሚከፈል ገንዘብ አይደለም።

ሁለተኛው ከኪስ የሚወጣው ነው። የሼንገን ቪዛ ማመልከቻ እ.ኤ.አ. ከሰኔ 2024 ወዲህ ለአዋቂ 90 ዩሮ ነው፤ ቪዛው ቢከለከልም አይመለስም። ቢያንስ 30,000 ዩሮ የሚሸፍን የጉዞ መድን ይጠየቃል። ከዚያ የአውሮፕላን ትኬት አለ፣ ከዋናው ከተማ ወደ ሰሜን የሚወስደው ሌላ ባቡር ወይም በረራ አለ፣ ልብስ አለ። በብር ያልጻፍኩላችሁ ሆን ብዬ ነው። ከሐምሌ 2016 ወዲህ ምንዛሪው ለገበያ ስለተለቀቀ ዛሬ የጻፍኩት ነገ ውሸት ይሆናል። በዩሮ አስሉና የዚያን ቀን ባንክ ጠይቁ። "የበጎ ፈቃድ ቪዛ አስጨርሳለሁ" ለሚል ደላላ ግን በየትኛውም ገንዘብ አትክፈሉ። የፊንላንድ ድርጅት ከሆነ ዋይቲጄ በሚባለው፣ የኖርዌይ ከሆነ የብሮንኖይሱንድ በሚባለው የንግድ መዝገብ ስሙን ማንም ሰው በኢንተርኔት መፈለግ ይችላል። እዚያ ያልተገኘ ድርጅት የለም በሉ።

ሦስተኛው፣ ለአንድ ሠራተኛ ስንት ውሻ ይደርሳል? በእኔ ግምት አንድ ሰው ከ40 በላይ ውሻ ከተሰጠው ቀኑ በመመገብና በመጥረግ ያልቃል። የትኛው ውሻ እንዳነከሰ፣ የትኛው ምግብ እንደተወ ለማየት ፋታ የለም። ይህን ቁጥር ደብዳቤ ስትጻጻፉ በቀጥታ ጠይቁ።

አራተኛው ያረጀ ውሻ ዕጣ ነው። ሃስኪ ዘጠኝ አሥር ዓመት ሲሆነው መጎተቱ ይከብደዋል፣ ዕድሜው ግን ገና ይቀረዋል። "ጡረታ የወጡት የት ናቸው?" ስትሏቸው ስም እየጠሩ "እገሌ ከእገሊት ቤት፣ እገሌ እዚሁ ምድጃው ሥር" የሚሏችሁ ቤት ሌላው ነገሩም ብዙ ጊዜ ደህና ነው። ዘወር ያለ መልስ ከመጣ ግን እናንተም ዘወር በሉ። በሰንሰለት ነው የሚታሰሩት ወይስ በአጥር? በቀን ስንት ሰዓት ይፈታሉ? በረዶ በሌለባቸው ወራትስ ምን ይሠራሉ? እነዚህንም አብራችሁ አንሡ።

ስለ መኝታና ስለ ምግብ ከታች እመጣበታለሁ። የመጨረሻው መመዘኛ፣ ስትመለሱ በእጃችሁ ምን ይዛችሁ ትመለሳላችሁ የሚለው ነው። ፎቶ ነው፣ ሙያ ነው ወይስ የሥራ ልምድ ደብዳቤ?

አንደኛ፦ የቱሪስት ማደሪያ

ላፕላንድ ውስጥ በብዛት ያለው ይህ ነው። ከመቶ በላይ ውሻ ያለው ቤት ብርቅ አይደለም፣ ብዙ መቶ ያላቸውም አሉ። ወቅቱ ከታኅሣሥ እስከ መጋቢት ሲሆን በጣም የሚጨናነቀው በፈረንጆች ገና ሰሞን ነው። ሰው ሁልጊዜ ስለሚፈልጉ ለመግባት ይቀላል። ለመቆየት ግን ሌላ ነገር ነው።

የእኔ ቀን በእኛ አቆጣጠር ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ይጀምር ነበር፣ በጨለማ። ታኅሣሥ ላይ እዚያ ቀን የሚባለው ሁለት ሰዓት ገደማ ብቻ ነው፣ እሱም ድንግዝግዝ ያለ። በመጀመሪያ ሾርባ ይቀዳል። ውሻ በዚያ ብርድ ባዶ ውሃ ብታቀርቡለት አሽትቶ ይተወዋል፤ ካልጠጣ ደግሞ መጎተት አይችልም። ስለዚህ በሙቅ ውሃ ላይ ሥጋና ስብ ይበጠበጥበታል፣ ሽታው ሲደርሰው ይጠጣል። ጭልፋው ከባልዲው ወጥቶ ሣህኑ ጋ እስኪደርስ እጀታው ላይ የፈሰሰው ይጋገራል። አንድ ጊዜ ጓንቴን አውልቄ የሰንሰለት መቆለፊያ በባዶ ጣቴ ነካሁ። ጣቴ ብረቱ ላይ ተጣበቀ፣ ስመነጭቀው ቆዳው እዚያው ቀረ። ከዜሮ በታች 28 ነበር።

ከዚያ ፋንድያ። ምድር ላይ ስለሚደርቅ በአካፋ ሳይሆን በመጥረቢያ ጀርባ እየተመታ ነው የሚነሣው። እናቴ በስልክ ይህን ስነግራት፣ "ለኩበት ይሆናል?" አለችኝ። አይሆንም እማዬ፣ ይጣላል። "ይህን ሁሉ ለቅመህ ትጥለዋለህ?" ብላ ዝም አለች። ከከብት ኋላ ኩበት እየለቀመች ላሳደገችኝ ሴት ከውሻው ይልቅ ይህ ነው የገረማት።

ቱሪስቶቹ ሲመጡ ውሾቹ ይታሰራሉ። ሃርነስ የሚሉት ከአንገት እስከ ጀርባ የሚጠለቅ መጎተቻ ነው፤ አራት ወይም ስድስት ውሻ በአንድ ረጅም ገመድ ላይ ሁለት ሁለት ሆኖ ይያያዛል። ከፊት መሪዎቹ፣ ከኋላ ለጋሪው ቅርብ የሆኑት ጉልበተኞች። ልጓም የለም፤ መሪዎቹ ቀኝና ግራውን በድምፅ ብቻ ያውቃሉ። ለመሄድ ሲጓጉ ጩኸታቸው ከጎን ያለ ሰው አያናግርም። ጋሪው በተንቀሳቀሰባት ቅጽበት ግን ሁሉም ጸጥ ይላሉ፣ የሚሰማው በረዶው ሲንሸራተት ብቻ ነው። ያንን ጸጥታ በቪዲዮ አታገኙትም።

በሁለተኛው ሳምንት ስድስት ውሻ አስሬ፣ ጋሪውን የሚይዘውን የብረት መልሕቅ በእግሬ በደንብ ሳልረግጠው አንድ ቋጠሮ ለማስተካከል ወረድኩ። መልሕቁ ከበረዶው ተነቀለ። እጄ እንደ ዕድል እጀታው ላይ ነበር። የመጀመሪያው ሕግ "ምንም ቢሆን አትልቀቅ" ነውና አልለቀቅኩም፤ በሆዴ እየተጎተትኩ መቶ ሜትር ያህል ሄድኩ። ያቆማቸው ከፊት የነበረው ሌላ ጋሪ ነው፣ እኔ አይደለሁም። ውሻ በጋሪ ፈረስ ዓይን የሚያይ ሰው እንዲህ ይሆናል፤ የጋሪ ፈረስ ባለቤቱ ሲወርድ ይቆማል።

የዚህ ዓይነት ቤት ድካሙ ያለው ቁጥሩ ላይ ነው። ቱሪስቱ በዚያው አምስት ወይም አሥር ኪሎ ሜትር መንገድ በቀን ብዙ ጊዜ ይዞራል፣ እናንተም ያንኑ ትደግማላችሁ። ጋሪ ላይ መቆም የሚደርሰው ለነባር አስጎብኚዎች ነው። የነበርኩበት ቤት "የራስህ ክፍል" ብሎኝ ስደርስ ለስድስት ሰው አንድ ኮንቴይነር ነበር፣ የልብስ ማድረቂያ አልነበረውም፣ እርጥብ ጓንት ለብሶ መውጣት ምን እንደሆነ እዚያ አወቅኩ። ሁሉም እንደዚያ ነው አልልም። የሠራተኛ ውልና የሥራ ሰዓት መዝገብ ያላቸው፣ ለሠራተኛ ሳውና (የእንፋሎት መታጠቢያ) የሚያነዱ ደህና ቤቶች አሉ። ብዛት ያለው ሠራተኛ ስላለ ብቸኝነቱም ይቀላል።

ሁለተኛ፦ የውድድር ማደሪያ

እዚህ ውሻው አትሌት ነው። አላስካ ውስጥ እ.ኤ.አ. ከ1973 ጀምሮ የሚካሄደው የውሻ ጋሪ ውድድር፣ ኢዲታሮድ፣ ከአንኮሬጅ እስከ ኖም 1,600 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ሰሜን ኖርዌይ ውስጥ ከአልታ ከተማ የሚነሣውና እ.ኤ.አ. በ1981 የተጀመረው ፊንማርክስሎፐት በረጅሙ ምድቡ ወደ 1,200 ኪሎ ሜትር ይደርሳል። ለዚህ የሚዘጋጅ ውሻ ክብደቱ ከ20 እስከ 25 ኪሎ ቢሆን ነው፤ በውድድር ቀን ግን እስከ 10,000 ካሎሪ ይበላል፣ የአምስት ሰው ቀለብ። የእንስሳት ጤና ላጠና ሰው ከዚህ የተሻለ ትምህርት ቤት አላውቅም። የእግር መዳፍ ምርመራ፣ የጨርቅ ጫማ፣ የእጅ አንጓ መታሸት፣ ተቅማጥ ሲጀምር ምግብ መቀየር፣ ሁሉም በየቀኑ በመዝገብ ይያዛል።

እናንተ ግን አትወዳደሩም። የሃንድለር ሥራ ባለቤቱ ሲሠለጥን ጓሮውን መያዝ፣ በውድድሩ ቀን በመኪና ከጣቢያ ጣቢያ መከተል፣ የደከመ ውሻ መረከብ፣ ውሾቹ የተኙበትን ጭድ መጥረግ ነው። በበረዶ መንገድ መኪና መንዳት የማይችል ሰው ዋጋው ይቀንሳል። ኢዲታሮድ ላይ ደግሞ አብዛኛው መንገድ መኪና ስለማይገባበት መከተልም የለም። ባለቤቶቹ ለአጭር ጊዜ የሚመጣ ሰው አይፈልጉም፣ ከመስከረም እስከ መጋቢት ይላሉ። በ90 ቀን ቪዛ ይህ አይታሰብም።

ሦስተኛ፦ የቤተሰብ ማደሪያ

ከ15 እስከ 40 ውሻ፣ አንድ ባልና ሚስት ወይም አንድ ሰው ብቻ፣ ከከተማ ርቆ። እኔ ምርጫ ቢሰጠኝ ይህን እመርጣለሁ፣ ያውም በበረዶው ሳይሆን በመጸው። ነሐሴ መጨረሻ ሌሊቱ መቀዝቀዝ ሲጀምር ውሾቹን በበረዶ ጋሪው ፈንታ ባለአራት ጎማ ሞተር እያስጎተቱ ያሠለጥኗቸዋል። ግልገሎች ይኖራሉ። ቱሪስት የለም፣ ባለቤቱ ለማስረዳት ጊዜ አለው። እያንዳንዱን ውሻ በስሙ ታውቁታላችሁ። በሁለተኛው ሳምንት ደግሞ እነሱ እናንተን ያውቋችኋል፣ ድምፃችሁ የተለየ እንደሆነ ጆሯቸውን አቁመው ያሳዩዋችኋል።

አደጋው ያው ብቸኝነቱ ነው። ሁሉ ነገር በአንድ ሰው ጠባይ ላይ የቆመ ነው። ሴቶች በተለይ ከመሄዳቸው በፊት እዚያ የሠራች ሌላ ሴት አድራሻ ጠይቀው በስልክ ያነጋግሩ። አድራሻ ለመስጠት የሚያመነታ ቤት ይቅር። ከቅርቡ ከተማ በምን እንደሚደረስና ድንገት ለመውጣት ቢፈለግ ማን እንደሚያወጣም አስቀድሞ ይታወቅ።

ስለ ጾም እዚህ ልንገራችሁ። ሁዳዴ የሚውለው ሥራው በሚበዛበት በየካቲትና በመጋቢት ነው። እነሱ ዘንድ የአጋዘን ሥጋ፣ ቅቤና አይብ የየቀኑ ምግብ ነው። ቀድማችሁ "ይህን ያህል ሳምንት ከሥጋ፣ ከወተትና ከእንቁላል እቆጠባለሁ" ብላችሁ ጻፉ። ከእንስሳት ተዋጽኦ የሚርቁ ሰዎች እዚያም ስላሉ በደንብ ይገባቸዋል። ሽሮና በርበሬ ይዛችሁ ሂዱ። እኔ ጾሙን ሳልናገር ሄጄ ሁለት ሳምንት በድንችና በዳቦ አሳለፍኩ፣ በዚያ ብርድ አይበቃም።

ልብስን በተመለከተ ጋቢያችሁን ቤት ተዉት። ጥጥ ላብ ይይዛል፣ የያዘው ላብ ደግሞ ይቀዘቅዛል። የመንዝ ሰው ግን ዝተትና ባና ያውቃል፤ ሱፍ እርጥብ ሆኖም ያሞቃል። ከሥጋ ጋር የሚነካው ልብስ ሱፍ ይሁን። ወፍራሙን የውጭ ልብስና ጫማ አብዛኛው ቤት ያውሳል፣ ቢሆንም ጠይቁ።

ደላሎች "ቪዛ የማይጠይቅ" እያሉ ስለሚሸጡት ስቫልባርድ፣ ስለ ኖርዌይ የሩቅ ሰሜን ደሴቶች፣ አንድ ነገር ልበል። ደሴቶቹ ከሼንገን ውጭ ናቸው፣ እዚያ ለመግባት ራሱ ቪዛ አይጠየቅም፣ የውሻ ማደሪያዎችም አሉ። ነገር ግን መንገዱ በኖርዌይ በኩል ስለሆነ ሁለት ጊዜ የሚያስገባ የሼንገን ቪዛ ያስፈልጋል፣ ራሱን የማያስተዳድር ሰውም ይመለሳል። በተጨማሪም በቀበሮዎቹ ላይ የእብድ ውሻ በሽታ ይታያል፣ ፊንላንድ ግን እ.ኤ.አ. ከ1991 ጀምሮ ከበሽታው ነጻ የተባለች ናት።

አራተኛ፦ አገር ቤት

ይህን ስል ፊታቸው የሚለወጥ አሉ። ለብዙዎቻችሁ ግን መጀመሪያ የሚሻለው ይህ ነው የምለው ቪዛ ስለሚከብድ ብቻ አይደለም።

አንድ ጠዋት ደብረ ብርሃን ላይ ለአንድ የጋሪ አሽከርካሪ ሃርነስ ምን እንደሚመስል በስልኬ አሳየኋቸው። አይተው አይተው፣ "ልጓም የለውም?" አሉ። የለውም ጋሼ። "ታዲያ በምን ያቆመዋል?" በፍሬንና በመልሕቅ። ከዚያ ጣታቸውን ፎቶው ላይ፣ ማሰሪያው ብብት ሥር የሚያልፍበት ቦታ ላይ አሳረፉ። "እዚህ ጋ ይልጠዋል" አሉ። ልክ ነበሩ። ሃርነስ ልኩን ካልጠበቀ የሃስኪን ጠጉር የሚበላው እዚያው ቦታ ላይ ነው። የፈረሳቸው ጀርባ ላይ የቆየ ገጣባ ነበር፣ በማዳበሪያ ጆንያ የተሸፈነ። ገጣባ የሚያመጣውን ማሰሪያ ማስተካከል፣ ቁስሉን ማጠብ፣ ንጣፉን መቀየር የተማረ ልጅ ሰሜን ዋልታ ቢሄድ ከመጀመሪያው ቀን ያገለግላል። በጋማ ከብት ጤና ላይ የሚሠሩ ብሩክና ስፓናን የመሳሰሉ ድርጅቶች ኢትዮጵያ ውስጥ አሉ። ከዚያ በፊት ግን የወረዳችሁን የእንስሳት ጤና ክሊኒክ አንኳኩና "በነጻ ላግዝ" በሉ።

የውሻው ጉዳይ ከዚህ ይብሳል። መንዝ ጓሳ ከ3,200 ሜትር በላይ ያለ፣ ወደ 100 ካሬ ኪሎ ሜትር የሚሆን፣ የአካባቢው ሕዝብ ከ17ኛው መቶ ዘመን ጀምሮ ቄሮ በሚባለው ሥርዓት የጠበቀው የሣር ምድር ነው። እዚያ ያለው ቀይ ቀበሮ በመላው ኢትዮጵያ ከ500 ያነሰ ቁጥር ብቻ የቀረው ነው። ከሚያጠቁት ነገሮች ዋነኞቹ ከእረኛ ውሾች የሚተላለፉት የእብድ ውሻ በሽታና ዲስቴምፐር የሚባለው ሌላ የውሻ ተላላፊ በሽታ ናቸው። የእብድ ውሻ በሽታው በአንድ አካባቢ እንዲቆም ከውሾቹ ቢያንስ 70 በመቶው መከተብ አለበት። ያ ክትባት የሚሰጥበት ቀን ውሻ የሚይዝ፣ መዝገብ የሚጽፍ፣ ባለቤቱን የሚያግባባ እጅ ያስፈልጋል። በእኛ አገር ውሻ በእጅ የሚይዝ ሰው ማግኘት ቀላል አይደለም። ውሻ ከደጅ የሚውል፣ ቤት የማይገባ እንስሳ ነው። ይዞ የማያውቅ ሰው ሃስኪ ቤት ሄዶ አብሮ ይፈራል። ወደ ላይኛው መንዝ ለመሄድ የምታስቡ የመንገዱን ሁኔታ ከመነሣታችሁ በፊት እዚያ ካለ ሰው አጣሩ።

ራሳችሁ ሳትከተቡ ግን ውሻ አትያዙ። ከነከሳችሁ ቁስሉን በውሃና በሳሙና ለ15 ደቂቃ እጠቡት፣ በዚያው ቀን ጤና ጣቢያ ሂዱ። ጠበሉ ይደርሳል፣ ክትባቱ ግን ቀን አይሰጥም።

በአንድ ሠንጠረዥ

| መመዘኛ | የቱሪስት | የውድድር | የቤተሰብ | አገር ቤት |
|---|---|---|---|---|
| ወረቀት | የሥራ ወይም የተማሪ ፈቃድ | እንዲሁ፣ ረጅም ቆይታ | እንዲሁ፤ ኤምባሲውን በጽሑፍ መጠየቅ | አያስፈልግም |
| ወጪ | ከፍተኛ፣ በደመወዝ ሊካካስ ይችላል | ከፍተኛ | ከፍተኛ፣ ደመወዝ እምብዛም | ትራንስፖርትና ክትባት |
| የውሻ ብዛት | ከመቶ በላይ | በብዛት ከ30 እስከ 80 | ከ15 እስከ 40 | እንደ ቀኑ |
| የሚሻለው ጊዜ | ከታኅሣሥ እስከ መጋቢት | ከመስከረም እስከ መጋቢት | ከነሐሴ እስከ ጥቅምት | ዓመቱን ሙሉ |
| የሚገኝ ሙያ | ጽናት፣ እንግዳ አያያዝ | አመጋገብ፣ የእግር ሕክምና | ውሻ ማሠልጠን | ቁስል፣ ክትባት፣ ማሰሪያ |
| ዋናው ሥጋት | ድካም፣ የተጨናነቀ መኝታ | ፋታ ማጣት | ብቸኝነት፣ የባለቤቱ ጠባይ | ንክሻ፣ የመንገድ ሁኔታ |

የውድድር ማደሪያው ቁጥር እኔ ካየኋቸውና ካነጋገርኳቸው ቤቶች የመጣ ግምት ነው፤ ከዚያ የሚበልጥም የሚያንስም አለ።

ለማን የትኛው?

ተመርቃችሁ ሥራ ለምትፈልጉና በኪሳችሁ ምንም ለሌላችሁ፣ አራተኛው። ስድስት ወር አግዛችሁ የሥራ ልምድ ደብዳቤ ያዙ። ስለ ቀድሞ ልምድ የማይጠይቅ አስተናጋጅ ብዙም የለም፣ ቪዛ ክፍሉም "ለምን ትመለሳለህ?" ሲል አገር ቤት የተጀመረ ሥራ መልስ ይሆናል።

ነጻ የትምህርት ዕድል አግኝታችሁ ወደ ሰሜን ፊንላንድ ወይም ኖርዌይ ለምትሄዱ፣ የቱሪስት ማደሪያው የመጀመሪያ ወቅት ላይ መጥፎ አይደለም። በሕግ ትሠራላችሁ፣ ይከፈላችኋል፣ ቋንቋም ትይዛላችሁ። ሁለተኛው ወቅት ላይ ወደ ቤተሰብ ማደሪያ ተዛወሩ። እኔ ይህን ሁለተኛውን ሳላደርግ ነው የተመለስኩት፣ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

የእንስሳት ሐኪም ለሆናችሁና አንድ ሙሉ ዓመት መስጠት ለምትችሉ፣ ውድድሩ። መንጃ ፈቃድ ግን አስቀድሙ።

ገንዘብ ኖሮት በረዶ ለማየትና ውሻ ለማቀፍ ብቻ የሚፈልግ ሰው በጎ ፈቃደኛ ባይሆን ይሻለዋል። ቱሪስት ሆኖ ሁለት ሰዓት ጋሪው ላይ ተቀምጦ ቢመለስ እሱም ይደሰታል፣ ውሾቹም አይጎዱም።

ለአስተናጋጅ የምትጽፉት ደብዳቤ አጭር ይሁን፣ ለበረዶው ወቅት ከሆነም ከመጋቢት እስከ ሰኔ ባለው ጊዜ ይድረስ፤ መስከረም ላይ ቦታው ብዙ ጊዜ ተይዟል። ከምን ያህል ከባድ እንስሳ ጋር እንደሠራችሁ፣ ክብደት ስለማንሣት፣ ስለ ጾማችሁ፣ መንጃ ፈቃድ ስለመኖር ጻፉ። "ውሻ እወዳለሁ" የሚለውን ተዉት፣ ሁሉም ይጽፈዋል። ጥያቄዎቻችሁንም አብራችሁ ላኩ፦ ለአንድ ሰው ስንት ውሻ፣ በሳምንት ስንት ቀን ዕረፍት፣ ፈቃዱን ማን ያወጣል፣ የሥራ መድን አለ ወይ፣ ያረጁት የት ናቸው። በመልሱ የውሾቹን ፎቶ ብቻ ከላኩላችሁ አመስግኑና የመኝታ ክፍሉን ፎቶ ጠይቁ፣ ጓንት የሚደርቅበት ቦታ ጭምር።